ዐጸዱና ተራራው፦ በዋግ ምድር የእምነት ማኅበረሰብና የበጎ ፈቃድ ሥራ ታሪክ

የሰቆጣ ስም ባለፉት 50 ዓመታት ከአገሩ ወሰን አልፎ በሩቅ የተሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከረኀብ ጋር ተያይዞ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከኮረም ጋር አብሮ ተነሣ። ከ30 ዓመት በኋላም፣ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት ዕድሜ በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ሲወስን ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ አንድ አገር በችግሩ ስም ብቻ ሲታወቅ፣ ሕዝቡ ችግሩን ሲቋቋምበት የኖረው ዘዴ ከታሪክ መዝገብ ውጭ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያን ወደ ጎን የተተወውን ገጽ ነው።

ከሰቆጣ ከተማ ወደ ገጠሩ የሚወጣ መንገደኛ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያያል። በአንድ በኩል የተራቆተ ተራራ፣ በላዩም ከእግር እስከ ራስ የተሰመረ የድንጋይ እርከን አለ። በሌላው በኩል ከጉብታው ላይ ጠቆር ብሎ የሚታይ የወይራና የጽድ ጫካ፣ ከመካከሉም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። ሁለቱም የሰው እጅ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው በየዘመኑ በመጡ መንግሥታት ዘመቻ የተሠራ፣ የፈረሰ፣ እንደገናም የተሠራ ነው። ሁለተኛው ግን መንግሥታት ሲለዋወጡ ባለበት ጸንቷል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ፣ በአንድ አፈርና በአንድ ዝናብ፣ ያው ሕዝብ በጉልበቱ ከሠራቸው ከሁለቱ አንዱ የጸናው ሌላው የፈረሰው ስለ ምንድን ነው የሚል ነው።

አገሩና ሕዝቡ

የዋግ ምድር የተከዜና የፀላሪ ወንዞች የሸረሸሩት፣ ደጋው ከቆላው ጋር በአጭር ርቀት የሚገናኝበት ገደላማ አገር ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከእርሷ በስተምዕራብ ያለው የተከዜ ሸለቆ ግን ሞቃትና ደረቅ ቆላ ነው። ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ ማለቂያ እስከ ጳጉሜን ባለው አጭር ክረምት ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ክረምቱ በሁለት ሳምንት ቢዘገይ ወይም ነሐሴ ሳያልቅ ቢቋረጥ የዓመቱ እህል ሳያፈራ ይቀራል። የሚወርደውም ዝናብ የሚያግደው ሥርና ሣር ካላገኘ አፈሩን ይዞ ወደ ተከዜ ይሄዳል።

ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ አገው ሲሆን፣ ከአማርኛ ጋር ኽምጣኛ ይናገራል። የዋግ ገዥዎች፣ ዋግሹሞች፣ ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር። ከሰቆጣ ብዙም በማይርቀው ከዐለት በተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች አስከሬን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይታያል። ዋግሹም ጎበዜም በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ መሐል አገር ከሚተላለፍባቸው ዋና ዋና ገበያዎች አንዷ ነበረች። ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚሁ ንግድ ምክንያት ከክርስቲያኑ ጎን ለጎን ኖረውባታል። ዛሬ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በአስተዳደሩ የተቈጠረው ሕዝብ ከ426,000 በላይ ሲሆን፣ እጅግ የሚበዛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት ተከታይ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የቆየ አባባል መታረም ይገባዋል። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ያህሉ ደን ነበረ፣ በገበሬው ድንቍርና ግን ወደ 3 በመቶ ወረደ የሚለው ንግግር በመማሪያ መጻሕፍትና በዘመቻ ሰነዶች ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ለዚህ አኃዝ አስተማማኝ መሠረት እንደሌለው አሳይተዋል። ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በ1860 ዓ.ም. የተነሡትን ፎቶግራፎች ከዚያው ቦታ ላይ እንደገና በማንሣት አነጻጽረዋል። ውጤቱ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። የሰሜኑ ደጋ ያን ጊዜም የተራቆተ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ በተነሣው ሥዕል ላይ የሚታየው ዛፍና የአፈር ጥበቃ ሥራ እንዲያውም ከፊተኛው ይበልጣል። ስለዚህ የሰሜኑ ገበሬ ታሪክ የጥፋት ታሪክ ብቻ አይደለም። በጠባብና በተራቆተ መሬት ላይ የነበረውን ጠብቆ ለማቆየት የተደረገ ረጅም ትግልም አለበት።

የዐጸዱ ሥርዓት

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባህል ዐጸድ ባዶ ግቢ አይደለም። ሊቃውንቱ ዐጸዱን በገነት ይመስሉታል፤ ቤተ ክርስቲያን ያለ ዛፍ ብትቆም ራቍቷን እንደ ቆመች ይቈጠራል። ዛፉ ለቅዳሴ ለመጣው ምእመን ጥላ ነው፤ ከሥሩ የቆሎ ተማሪ ፊደል ይቈጥራል፣ ቅኔ ይቀኛል፣ ሰንበቴ ይጠጣል፣ ሽምግልና ይቀመጣል። ከአጠገቡም አባትና እናት ተቀብረዋል። ከዐጸዱ ዛፍ የቈረጠ ሰው የቈረጠው የአያቱን የመቃብር ጥላ ነው።

ይሁን እንጂ ዛፉን ያቆየው ስሜት ብቻ ነው ማለት ታሪኩን ማቅለል ይሆናል። ሥርዓቱ በደንብ ቢመረመር ሦስት ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው ወሰን ነው። ዐጸዱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ ቅጥር ባይኖረው እንኳ፣ እረኛው ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው ፍርድ ነው። ካህናቱ ዛፉን በውግዘት ያስራሉ፤ ውግዘቱም የሚፈራው በሌሊት፣ ዘበኛ በሌለበት ሰዓት ጭምር ነው። ሦስተኛው የጋራ ጥቅም ነው። የደረቀውና የወደቀው እንጨት ለቤተ ክርስቲያኑ ጥገናና ለድግሱ ማገዶ ይውላል። ይህም በገበዙና በደብሩ ሽማግሌዎች ፈቃድ እንጂ በማንም ግለሰብ ሥልጣን አይደረግም። ወሰን፣ ፍርድና ጥቅም በአንድ ማኅበር እጅ ስለ ተያዙ ጠባቂው ከውጭ መምጣት አላስፈለገውም።

የዚህን ሥርዓት ውጤት በሳይንስ መንገድ ከለኩት መካከል አለማየሁ ዋሴ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረቡት ሥራ፣ ለዋግ ጎረቤት በሆነው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ዙሪያው የእርሻና የግጦሽ መሬት በሆነ አገር ይህን ያህል ዕፀዋት መትረፉ፣ ዐጸዱ የአገሩ የዘር ጎተራ ሆኖ እንደ ቆየ ያስረዳል። ለአየር ንብረት መለወጥ መቋቋሚያ የሚሆን አገር በቀል ዘር የሚፈልግ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን የዐጸዱ ዛፍ ሁሉ ከጥንት ደን የተረፈ ነው ማለት አይቻልም። ምእመናን በየዘመኑ የተከሉትና ያሳደጉትም አለበት። ይህም የሥርዓቱን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ መትከል የሚችል ሥርዓት መጠበቅ ብቻ ከሚችለው ይሻላልና።

ከደብሩ ሥርዓት ጎን የምእመናኑ ማኅበራት አሉ። ማኅበርና ሰንበቴ በቅዱሳን ስም ሰውን በየወሩና በየሳምንቱ ያገናኛሉ፤ ዕድር ኀዘንን ያካፍላል፤ ደቦና ወንፈል ጉልበትን ያበድራሉ። ዛሬ «በጎ ፈቃደኛ» የሚባለው ሰው በዋግ ገጠር አዲስ ፍጥረት አይደለም። የባልቴቲቱን ማሳ ያለ ክፍያ የሚያርመው፣ ለፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ የሚሸከመው ጎረቤት ያው በጎ ፈቃደኛ ነው። ዝናብ ሲጠፋም ክርስቲያኑ በምህላና በእግዚኦታ፣ ሙስሊሙም ለዝናብ በሚሰገደው ሰላት ወደ ፈጣሪው ይጮኻል። ችግር በዚያ ጉባኤ የሁሉም ችግር ተብሎ ይታወጃል። በጋራ ለመሥራት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው እርምጃም ይኸው ነው።

የችግር ዘመናት

ሥርዓቱ ግን ሁሉን የሚችል አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን በከብት እልቂት ጀምሮ በረኀብና በበሽታ አገሩን አጥፍቷል። በሬ የሌለው ገበሬ የሚያርስበት አጣ፤ ያልታረሰው መሬትም ጦም አደረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የሰሜን ምሥራቅ ደጋ ገበሬ ኑሮ እንዴት ከድህነት ወደ ረኀብ አፋፍ እንደ ደረሰ ጄምስ ማካን ሰፋ አድርገው ጽፈውታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኀብ ሲደበቅ ቆይቶ በተገለጠ ጊዜ፣ ለዘውዱ መንግሥት መውደቅ ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ርስተ ጉልቷን አጣች። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ያወጣ ታላቅ ለውጥ እንደ ነበር አይካድም። ይሁን እንጂ ለዐጸዱ የተለየ ትርጉም ነበረው። ደብሩ የሚተዳደርበት ሰፊ መሬት ሲወሰድ በእጁ የቀረው ከቅጥሩ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። ካህኑም እንደ ማንኛውም ገበሬ ከገበሬ ማኅበሩ ማሳ ተቀበለ። ዐጸዱ በሀብቱ ሳይሆን በምእመኑ ፈቃድ ብቻ የሚጠበቅበት ዘመን ያን ጊዜ ተጀመረ።

የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ ዋግ የጦርነት ምድር ነበር። ገጠሩ በአማጽያን፣ ከተማው በመንግሥት ጦር እጅ እየሆነ መንገዱ ተዘጋ፤ እህል ፈላጊው ሕዝብ በእግሩ ወደ ኮረምና ወደ ሌሎች መጠለያዎች ፈለሰ። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተላለፈው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዜና ዓለምን አስደነገጠ። በዚያው ዓመት መንግሥት ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር ባካሄደው ሰፈራ 600,000 ያህል ሰው ተጓጓዘ፤ ከዚህም ትልቁ ክፍል የወሎ ሰው ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅቶች ጋር በመተባበር እህል ካከፋፈሉት መካከል ነበር። በደርግ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታትም የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት በኅብረት የርዳታ እህል ተፋላሚዎቹ ወገኖች በያዙት ምድር መካከል እያሳለፉ ወደ ሰሜን አድርሰዋል። የእምነት ማኅበራት ብቻቸውን የማይችሉትን ተባብረው ሲችሉት የታየበት አንዱ ጊዜ ይህ ነው።

ትእዛዝና ፈቃድ

በ1970ዎቹ ዓመታት በተራራው ላይ ታላቅ ሥራ ተሠራ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ የተካሄደው የሥራ ለምግብ ዕቅድ በአፍሪካ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ ነበር። ገበሬው ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት እየተቀበለ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። የወሎ ተራሮችም ከሰውና ከከብት ተከለሉ። የሥራው ብዛት አስደናቂ ነበር፤ ባለቤትነቱ ግን ግልጽ አልነበረም። ዛፉ የገበሬ ማኅበሩ ነው ይባል እንጂ መቼ እንደሚቈረጥና ማን እንደሚጠቀምበት ገበሬው አያውቅም ነበር። የግጦሽ መሬቱ ሲከለልበትም አልተጠየቀም።

የዚህ ውጤት በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ታየ። በብዙ ቦታ የማኅበር ደን በሳምንታት ውስጥ ተጨፈጨፈ፤ እርከኑ ፈረሰ። ደሳለኝ ራኅመቶ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ላይ ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ገበሬው በትእዛዝ የተሠራውን ሥራ የመንግሥት ንብረት አድርጎ ስለሚያየው መንግሥቱ ሲወድቅ ሥራውም አብሮ ወደቀ። በዚያው ወቅት የዐጸዱ ዛፍ በአብዛኛው አልተነካም። ጠባቂ ወታደር ከሁለቱም ዘንድ አልነበረም፤ አንደኛው ግን ባለቤት ነበረው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዕቅዶች ይህን ትምህርት በከፊል ወስደዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ እጥረት ላለበት ቤተሰብ በሥራ ምትክ እህል ወይም ገንዘብ ሰጠ፤ የዋግ ወረዳዎችም በዚህ ታቅፈዋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ከጥር ወር አንሥቶ ለበርካታ ሳምንታት ሕዝቡ ያለ ክፍያ ወጥቶ የተፋሰስ ሥራ እንዲሠራ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸውን መንግሥት አስታወቀ። በእነዚህ ሥራዎች የተከለሉ ብዙ ገደሎች ሣር አብቅለዋል፤ የጠፋ ምንጭ የተመለሰበትም ቦታ አለ።

ይሁን እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ነጻ ጉልበት» የሚለው ቃል ክፍያ የለውም ማለት እንጂ ሠራተኛው በነጻ ፈቃዱ ወጣ ማለት አይደለም። ስም ተመዝግቦ፣ ያልመጣ ሰው የሚቀጣ ከሆነ ሥራው ዘመቻ እንጂ በጎ ፈቃድ አይባልም። በአንጻሩም ሐቀኛ ታሪክ ውግዘትም ግዳጅ መሆኑን አይሸሽግም፤ ምእመኑ ዛፉን የሚተወው ከፍቅር ብቻ ሳይሆን ከፍርሃትም ነው። ልዩነቱ ከወዲህ ነው። ውግዘቱን የሚያስረው ካህን የደብሩ ልጅ ነው፤ እርሱም በዚያው ሕግ ይታሰራል፤ የሚጠበቀውም ጥቅም ለሁሉም የሚታይ ነው። ሰው ራሱ የተስማማበትንና ለራሱ የሚያውለውን ግዳጅ ይቀበላል።

ለዚህም ነው የግብርና ባለሙያና ካህን በአንድ ላይ በቆሙበት ቦታ ሥራው የሚቀለው። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነገር መልእክት በቀበሌ ስብሰባ ከሚነገረው ይልቅ ብዙ ጆሮ ያገኛል። የሥራ ቀን ሲወሰንም የወሩ በዓላት፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ አስቀድመው ካልታሰቡ ባለሙያው የሚመጣለት ሰው ያጣል። በአንጻሩ የበዓላት መብዛት የሥራ ቀንን ያጠባል የሚለው ክርክር አሮጌ ነው፤ ዛሬም አላለቀም። ክርክሩን በኀይል ለመጨረስ የሞከረ ሁሉ አልተሳካለትም። በስምምነት የጀመሩ ግን በዓሉን ሳይሽሩ ሰዓቱን አግኝተዋል።

ቅጥሩን ማስፋት

የዐጸዱ ሥርዓት ከጥንት የወረደ ነውና እንዲሁ ይኖራል ብሎ መዘናጋት አይገባም። ከብት ወደ ውስጥ ገብቶ ቡቃያውን ሲበላ ደኑ ያረጃል፤ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካ ልጅ የለውም። ምእመኑ ሲበዛ መቃብሩና አዳዲሱ ሕንጻ ቦታ ይሻማሉ። ገቢ የሌለው ደብርም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ በአገር በቀሉ ፈንታ ይተክላል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣልና። ካህኑን ከመውቀስ በፊት ደብሩ በምን እንደሚኖር መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ረገድ በደቡብ ጎንደር የተደረገው ሥራ ለዋግ ትምህርት ይሆናል። አለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ ከካህናትና ከምእመናን ጋር ተመካክረው በዐጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ቅጥር እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ በመሆኑም ማሳው ለእርሻ ተመቸ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ገንዘቡ ከውጭ ቢረዳም ውሳኔው የደብሩ ነበር። አንዳንዶቹም ቅጥሩን ከጥንቱ ወሰን ወደ ውጭ ገፋ አድርገው ሠሩት፤ ከውስጥ በኩልም ቡቃያ መብቀል ጀመረ። ዋግ ከሁሉም በላይ ድንጋይ የሞላው አገር ነው። ለእርከን የሚለቀመው ድንጋይ ለዐጸድ ቅጥርም ይሆናል። ለሥራውም የሚያስፈልገው ሰንበቴውና ማኅበሩ የሚሰማሩበት ጥቂት ቀን ነው።

ከዚህም አልፎ ቅጥሩ በትርጉም ሊሰፋ ይችላል። በየጎጡ የሚከለለው ገደል እንደ ዐጸዱ የታወቀ ወሰን፣ ሕዝቡ ያወጣው ሕግና የተወሰነ ተጠቃሚ ካለው ይጸናል። ሣሩን አጭዶ የሚወስደው ማን ነው? ከአበባው ማር የሚቈርጠው ማን ነው? የዋግ ነጭ ማር በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነውና፣ በተከለለው ተራራ ላይ ቀፎ የሰቀለ ወጣት ተራራውን ከማንም ዘበኛ በተሻለ ይጠብቀዋል። በሰቆጣ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የመሰሉ ተቋማትም ምክራቸውን በዚህ ጥያቄ ላይ ቢያሳርፉ ፍሬው የበለጠ ይሆናል።

የዕጣኑ ዛፍ

ቤተ ክርስቲያንና ተራራው ምን ያህል እንደ ተሳሰሩ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የዕጣን ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የሚበቅለው በተከዜ ሸለቆ በሚገኘው ቆላ፣ በአበርገሌና በአካባቢው ባለው ድንጋያማ ተረተር ላይ ነው። በበጋ ግንዱ እየተፋቀ የሚወጣው ሙጫ ተለቅሞ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ በየማለዳውም በጽና ላይ ይጤሳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የተደረገ ጥናት ውጤት አሳሳቢ ነው። ከተመረመሩት ቦታዎች በሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት ዛፍ አልተገኘም፤ ለዐሥርት ዓመታት ቡቃያ አላደገም። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ግጦሽ፣ እሳትና ከመጠን ያለፈ መፋቅ ናቸው። ዐጸዱን በውግዘት የጠበቀ ማኅበር፣ ለመሥዋዕቱ የሚያጤሰውን ዕጣን የሚሰጠው ዛፍ በቆላው ሲያረጅ ዝም ካለ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል። ጥበቃው ከደጋው ዐጸድ ወደ ቆላው የሚወርድበት ምክንያት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

የዛሬው ጥያቄ

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ዋግ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ። ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች የተፈናቀለው ሕዝብ በከተማዋና በዙሪያዋ ተጠለለ። የተፈናቀለ ሰው ማገዶ ያስፈልገዋል፤ የተራበ ሰው ስለ ሠላሳ ዓመት ዛፍ ሊያስብ አይችልም። ቍስሉ ሳይድን በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ቆላማ ወረዳዎችን መታ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ያጠራቀመው ሐይቅ ከሥር ተኝቶ ሳለ ከላይ ያለው ማሳ በጥም መድረቁ የአገሩን አቀማመጥ መራራነት ያሳያል።

የምድሪቱን ሙቀት የጨመረው ጭስ ከዋግ ገበሬ ጎጆ አልወጣም። ዕዳው የሌላ ሆኖ ክፍያው በእርሱ ላይ መውደቁ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ይህን ጥያቄ ማንሣትም የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ነው። በሌላው ዓለምም የእምነት ማኅበራት ወደዚህ ጉዳይ የገቡት በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአምስት ሃይማኖቶች መሪዎች በጣልያን አገር በአሲሲ ተሰብስበው ስለ ፍጥረት ጥበቃ መክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የቍስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሜትሪዮስ መስከረም 1ን፣ እንደ እነርሱ አቈጣጠር፣ ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ቀን አድርገዋል። የሮማው ፓፓ ፍራንሲስም እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ጉዳይ ላይ ሰፊ መልእክት ጽፈዋል። ስሙ ባይወጣለትም የዋግ ገበዝ ይህን ሥራ ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሲሠራው ኖሯል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦች የሚቀረው ትምህርት አጭር ነው። በዋግ ምድር የጸናው ዛፍ በብዛት የተተከለው አይደለም፤ በሦስተኛው ዓመት ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ የታወቀው ነው። ዕቅድ የሚያወጣ መሐንዲስ፣ የደን ባለሙያ ወይም የግብርና ሠራተኛ ስንት ችግኝ ብሎ ከመጠየቁ በፊት የማን ወሰን፣ የማን ሕግ፣ የማን ጥቅም ብሎ ቢጠይቅ፣ ካህኑንና ሼኩን፣ የማኅበሩን ሙሴና የዕድሩን ዳኛ ለመክፈቻ ጸሎት ብቻ ሳይሆን ለውሳኔው ቢጠራ፣ ተራራው የዐጸዱን ዕድል ሊያገኝ ይችላል። ሳይጠይቅ የሄደ ግን ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ያን ሰፊ ሥራ ይደግማል፤ በሚቀጥለው ለውጥም እንዲሁ ሲፈርስ ያያል።